ማታ ማታ ለምን እጮኻለሁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 3 ዓመት ተኩል፣ ሴቷ 1 ዓመት ከ5 ወር ሆኗታል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። 12 ሰዓት ገደማ እቤት እደርሳለሁ፤ ሞግዚቷ ወዲያው ትወጣለች። ባለቤቴ ከ2 ሰዓት በፊት አይገባም። ትልቁ ነርሰሪ ጀምሯል፤ ሰርቪሱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣል። ማታ ግን አባቱን ሳያይ አይተኛም፤ 4 ሰዓት ይሆናል። ቀን ቀን ደህና ነኝ፤ ሲመሽ ሌላ ሰው እሆናለሁ። እጮኻለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ወተት ደፍቶ እጁን መታሁት። «እማዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ስድስት ልጆች ስታሳድግ እንዲህ ስትሆን አላየሁም። መጥፎ እናት ነኝ? መረጋጋት የምችለው እንዴት ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ «አንቺ» ብዬ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ እኔም ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ። እንዲህ ያለ ነገር «እርስዎ» እየተባባሉ አይወራም።

መልእክትሽን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። «ቀን ቀን ደህና ነኝ» ብለሻል። ትዕግሥት የሌለው ሰው እኮ ቀንም የለውም። ከታክሲ ረዳት ጋር ይጣላል፣ ባለጉዳይ ላይ ይጮኻል። አንቺ እስከ 12 ሰዓት የሚበቃ ትዕግሥት አለሽ። የሚያልቅብሽ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠባይሽን ለጊዜው እንተወውና ሰዓቱን እንየው።

ምሳ የበላሽው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ከዚያ ቡና፣ ምናልባት አንድ ብስኩት። ከሥራ ስትወጪ የታክሲ ሰልፍ፣ ቀጥሎ አራት ፎቅ ደረጃ። በሩን ስትከፍቺ ምግብ ከቀመስሽ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል። ልጁ ከነርሰሪ ተመልሶ 9 ሰዓት ላይ መክሰስ በልቶ ከሆነ እሱም ሦስት ሰዓት ሆኖታል። ትንሿ ቀን የተኛችው ተቆራርጦባት ይሆናል። ሦስት የራባቸውና የደከማቸው ሰዎች አንድ በር ላይ ይገናኛሉ። ከሦስቱ አንዷ ትልቅ ሰው ስለሆነች ብቻ እንድትረጋጋ ይጠበቅባታል።

ይሄ አዲስ ግኝት አይደለም። ፍሎረንስ ጉዲነፍ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ወላጆች የልጆቻቸውን ቁጣ በየቀኑ እንዲመዘግቡላት አድርጋ ነበር። ውጤቱን ያሳተመችው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጣው የሚበዛው ከምግብ ሰዓት በፊትና ልጁ ሲደክመው ወይም ሲያመው እንደሆነ አየች። መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኛ ግን ዛሬም ልጁ ሲነጫነጭ «ጠባዩ ተበላሸ» እንላለን።

እና የመጀመሪያው መድኃኒትሽ ቆሎ ነው። አትሳቂ። ቦርሳሽ ውስጥ ቆሎ ይኑር፤ ከታክሲ እንደወረድሽ፣ ደረጃውን ሳትጀምሪ ብዪው። ለልጆቹ ቆሎ እንዳትሰጪ፤ በዚህ ዕድሜ ያንቃቸዋል። ለእነሱ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃል፤ እሱንም ገና እንደገባሽ ስጪያቸው። «እራት ይዘጋባቸዋል» የምትል አክስት አትጠፋም። ይዝጋ። በጩኸት ከተበላ ሙሉ እራት በሰላም የተበላ ግማሽ እራት ይሻላል።

ቀጥለሽ ወጥ ቤት አትግቢ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ። እናት በሩን ከፍታ ትገባለች። ሞግዚቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ቆማለች። ትንሿ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። ትልቁ «እማዬ እይ! እማዬ እይ!» ይላል። እናትየው «ቆይ አንዴ፣ ወጡን ልጣደው» ትላለች። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቃት ውሏል። «ቆይ» ስትለው ቀሚሷን ይጎትታል። ካልሆነ እህቱን ይገፋል። ካልሆነ ወተት ይደፋል። የማክሰኞው ወተት ስንት ሰዓት ላይ እንደተደፋ አልነገርሽኝም፤ ከ1 ሰዓት በፊት ነው ብዬ ግን እወራረዳለሁ።

ስለዚህ ቦርሳሽን አስቀምጪና ወለሉ ላይ ቁጭ በዪ። ጫማሽን እዚያው አውልቂ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቅር። ትንሿ ጭንሽ ላይ ትወጣለች፤ ትልቁ መኪናውን ያመጣል ወይ ጀርባሽ ላይ ይንጠለጠላል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» አትበዪው። የደከመው ልጅ ፈተና አይፈልግም። አስር ደቂቃ ብቻ እንዲሁ ተቀመጪ። ድርሻውን ያገኘ ልጅ ወጡ እስኪሞቅ ብቻውን ይጫወታል። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ።

ሞግዚቷን ሃያ ደቂቃ እንድትቆይልሽ ጠይቂያት፤ በነፃ ግን አይሁን። እሷም ሰልፍና መንገድ ይጠብቃታል፣ እቤቷም ልጅ ሊኖራት ይችላል። ክፍያ ጨምሪላት። ገንዘቡ ካልፈቀደ ከመውጣቷ በፊት ልጆቹን ታጥባ የማታ ልብሳቸውን ታልብሳቸው። ማታ ማታ አዲስ ወጥ መሥራትም ግዴታሽ አይደለም። የምሳ ወጥ በእንጀራ ተፈትፍቶ ከቀረበ ልጅ ሌላ አይጠይቅም። የጎልማሶቹ እራት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ስለ እንቅልፍ። ልጁ 4 ሰዓት ተኝቶ ለሰርቪሱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከተቀሰቀሰ ስምንት ሰዓት ተኩል ተኛ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል ይላል፤ የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ ማለት ነው። ነርሰሪ የማያስተኛው ከሆነ ልጅሽ በየቀኑ ቢያንስ ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። እንቅልፍ የጎደለው ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው አያዛጋም። ይሯሯጣል፣ ይነካካል፣ ይስቃል፣ በድንገት ያለቅሳል። እናቶች «ማታ ሲሆን ጉልበት ይጨምራል» ይሉኛል። የሚያዩት ድካም ነው።

«አባቱን ሳያይ አይተኛም» የምትለዋን በየቀኑ እሰማታለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግማሹ ቤት እንዲህ ይመስለኛል። ግን ልብ በዪ። ባለቤትሽ የሚገባው 2 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ የሚተኛው 4 ሰዓት። በመሃል ያለው ሁለት ሰዓት ምን ላይ ይውላል? ሳልገባ ልገምት። አባት ይገባል፣ ልጁ ይዘላል፣ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ይሳሳቃሉ፣ ቲቪ ይከፈታል፣ የአባት እራት ይቀርባል፣ ልጁ ሁለተኛ እራት ይበላል። በዚህ ላይ ማን ይተኛል?

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። ትልቁን ማስተኛት ሙሉ በሙሉ የአባት ሥራ ይሁን። ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ በቀጥታ ልጁ አልጋ ላይ። መብራቱ ይቀነስ። ተረት ያውራለት፤ የአንበሳና የጦጣ ተረት የማያውቅ አባት የለም። ውርወራው ለቅዳሜ ይቆይ። ሰዓቱን በአንዴ ሳይሆን በየሦስት ቀኑ አስራ አምስት አስራ አምስት ደቂቃ እያሳጠራችሁ 2 ሰዓት ተኩል ላይ አድርሱት። ልጁ አባቱን አገኘ፣ አስር ሰዓት ተኛ፣ አንቺም ማታሽን አገኘሽ። ባለቤትሽ በሚያመሽበት ቀን ልጁ አይጠብቀው፤ ጠዋት አባቱ አልብሶ ሰርቪስ ያሳፍረው።

ባልሽን ግን «አግዘኝ» አትበዪው። ረዳት የዋናውን ሠራተኛ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ማዘዝ ራሱ ሥራ ነው፣ ያውም አድካሚ። አንድ ሥራ ከነኃላፊነቱ ስጪው። ተረቱን አሳጥሮ ቢያወራ፣ ካልሲውን ገልብጦ ቢያለብስ ዝም በዪ። ይሄን ወሬ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ እንዳታነሺው። እሑድ ጠዋት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ይሻላል።

ስለ ልጁ ለቅሶ ደግሞ የራሴን ልንገርሽ። የመጀመሪያ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሳለ ለእራት እንጀራ አቀረብኩለት። ጥቅልሉን ዘርግቼ ቆረስኩለት። መሬት ላይ ወደቀ። «ጥቅልሉን! ጥቅልሉን!» እያለ ተንፈራገጠ። መልሼ ጠቀለልኩለት። «እሱን አይደለም!» ሌላ ጥቅልል አመጣሁ። «እሱንም አይደለም!» ስድስት ዓመት ሕክምና ተምሬ፣ የሕፃናት ስፔሻሊስት ሆኜ፣ እንጀራውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ተወው እንግዲያ!» ብዬ ጮህኩበት። አማቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ምንም አላሉም። ሲቆይ አንስተው አዘሉትና ቤቱን ሁለት ዙር ዞሩ። ዝም አለ።

አማቴ መጽሐፍ አላነበቡም፤ ያደረጉት ግን ልክ ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ስሜቱ ሲገነፍል ልጓም የሚሆነው የአንጎሉ የፊተኛው ክፍል ገና ነው። እድገቱን የሚጨርሰው ሃያዎቹን ካጋመሰ በኋላ ነው። ለቅሶው ጣሪያ ሲነካ ምክርም፣ ድርድርም፣ ዛቻም አይገባውም። በዚያች ሰዓት ያንቺ ሥራ እንዳይጎዳ መጠበቅ፣ አጠገቡ መቀመጥ፣ ዝም ማለት ነው። ቁጣው ይወርዳል፤ ልቅሶው ወደ ኀዘን ይለወጣል፤ ያኔ እቅፍ ይፈልጋል። መታቀፍ የማይፈልግ ልጅም አለ፤ እሱን አታሳድጂው። የጠየቀው ነገር የማይሰጥ ከሆነ ግን ስላለቀሰ አይሰጠው። ከረሜላና ስልክ ለቅሶ ማስቆሚያ ሲሆኑ ልጁ ለቅሶ ዋጋ እንዳለው ይማራል።

ስልክ ካነሳን አይቀር፦ ያው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። አንቺ ሽንኩርት እስክትከትፊ ትልቁ ሃያ ደቂቃ ካርቱን ቢያይ አይኮነንም። ከመኝታ በፊት ግን አይሁን። የምታሳስበኝ አጠገቡ ተቀምጣ አብራ የምታየው ትንሿ ናት።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። መምታት ልክ አልነበረም፤ አንቺም ስለምታውቂው አለቀስሽ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ነው። በ1970ዎቹ ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ላይ ምንም ስሜት ሳያሳዩ ሕፃኖቻቸውን ዝም ብለው እንዲያዩ ጠየቀ። ሕፃናቱ መጀመሪያ ፈገግ ይላሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ መልስ ሲያጡ ይረበሻሉ፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ይሄ ብዙ ተወርቶለታል። ያልተወራለት ሌላው ሥራው ነው። እናትና ሕፃን ደህና በሚጫወቱበት ጊዜ እንኳ ስሜታቸው የሚገጥመው ከጊዜው አንድ ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። በቀረው ይተላለፋሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይተላለፋሉ። ልጅ ሰውን ማመን የሚማረው በመመለሱ ነው።

መመለስ ማለት ይቅርታ መጠየቅ ነው። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ እኛ ዘንድ ይከብዳል፤ «ይንቀኛል» የሚባል ነገር አለ። በእኔ ልምድ የናቀ አላየሁም። አጭር ይሁን። ተንበርከኪና ዓይኑን እያየሽ «ማክሰኞ ዕለት መታሁህ። እጅህን አሳመምኩህ። አንተ ወተት ስለደፋህ አይደለም፤ እኔ ተናድጄ ነው። ይቅርታ የኔ ጌታ» በዪው። «ግን አንተም...» የምትለዋን እንዳትጨምሪያት፤ ይቅርታውን ታፈርሰዋለች። «አይለምደኝም» ያለሽ ልጅ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ራሱ ወስዷል። ከላዩ ላይ አንሺለት። ጊዜ አልፎበታል አትበዪ፤ የ3 ዓመት ተኩል ልጅ ያስታውሳል።

እናትሽን አከብራለሁ። ስድስት ልጅ ያሳደገች ሴት ትከበራለች። ግን ብቻዋን ነበረች? እስቲ ጠይቂያት። ግቢ ነበር፤ ግቢው በር አለው፤ ልጅ ወጥቶ ይጫወታል። አክስት ነበረች፣ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ነበረች። ትልቋ እህት ትንሹን ታዝል ነበር። ጎረቤት የሰው ልጅ ይቆጣል፣ ያበላል፣ አፍንጫ ይጠርጋል። አንቺ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ተቆልፎ፣ በረንዳው እያስፈራሽ ሁለት ልጅ ይዘሻል። ደግሞ እናትሽ ጨርሶ አልተቆጣችም ብዬ አላምንም። ቁንጥጫውን ረስተሽው ይሆናል፤ ታላቅሽን ጠይቂው።

ዛሬም አራስ ሲኮን ሰው ይጎርፋል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ አራስ ጠያቂው። ልጁ ክርስትና ሲነሣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ልጁ ድክ ድክ ሲል፣ ማለትም ሥራው ሲብስ፣ ማንም የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች እናት በድምሩ 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ሕጉም ያው እንደኛው ያስባል። እዚያው ብሎክ ውስጥ የልጅሽ እኩያ ያላት አንዲት እናት ፈልጊ። አንድ ቅዳሜ የእሷ ልጆች አንቺ ጋ ሁለት ሰዓት፣ በሚቀጥለው ያንቺ እሷ ጋ። አራት ልጅ ከሁለት ይልቅ ያስቸግራል ብለሽ አትፍሪ፤ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ።

«በጥልቀት ተንፍሺ» ብዬ ያልጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የራበው፣ እንቅልፍ የጎደለው፣ ብቻውን የቀረ ሰው ተንፍስ ሲባል የባሰ ይናደዳል። ይሠራል ግን፤ ከላይ ያለው ከተስተካከለ በኋላ ነው የሚሠራው። ጩኸት ከመምጣቱ በፊት ሰውነት ይናገራል። እኔ መንጋጋዬ ይጠብቃል፤ አንዷ ታካሚዬ እናት ጆሯዋ ይግላል። ያንቺን እወቂው። ሲመጣ ትንሿን አልጋዋ ውስጥ አስቀምጪ፣ የበረንዳው በር መዘጋቱን አረጋግጪ፣ ለትልቁ «እማዬ ተናዳለች፣ እጇን ታጥባ ትመጣለች» በዪው። እጅሽን ቀዝቃዛ ውኃ ስር ያዢ። የምታስወጪው ትንፋሽ ከምታስገቢው ይርዘም። ሁለት ደቂቃ ነው። ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ።

ቡና ተዪ አልልሽም፤ እኔም አልተውኩም። ከ9 ሰዓት በኋላ ግን አትጠጪ። ካፌይን ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 12 ሰዓት ላይ የጠጣሽው 5 ሰዓት ላይም ግማሹ አብሮሽ ነው።

አንድ ነገር ሳልመረምር አልለቅሽም። ልጆቹ ተኝተውም አንቺ መተኛት ካቃተሽ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ወይም ልጆቹን እጎዳለሁ ብለሽ ከፈራሽ ነገሩ የድካም ብቻ አይደለም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከሆኑ ዛሬውኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከቆዩ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሻላል። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራም ይደረግልሽ፤ ሁለቱም ሰውን ያዝላሉ። ለልጆቹም ቢሆን፣ ቀኑን ሙሉ የሚነጫነጭና ፊቱ የገረጣ ልጅ ብረት አንሶት ሊሆን ይችላል። ሻይ ከምግብ ጋር የምትሰጪያቸው ከሆነ አቁሚ፤ ብረቱን ያግደዋል። ትልቁ ተኝቶ ካንኮራፋ ደግሞ ቶንሲሉ ይታይ።

ለአምስት ቀን አንድ ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊ። በጮህሽ ቁጥር ሰዓቱን ብቻ ጻፊበት፤ ምክንያቱን ተዪው። ሳምንት ላኪልኝ። ሰዓቱ ሁሉ ከ12 እስከ 1 ተኩል ከተከመረ ቆሎውንና ወለሉን እናጠናክራለን። ከ2 በኋላ ከሆነ ባለቤትሽንም አምጪው፣ ሦስታችን እናወራለን።